ዝም ያለ ሁሉ ተስማምቷል ወይ?

ባለፈው እትም «ሁሉ» ስንልና «አንዳንድ» ስንል ምን እያልን እንደሆነ ጽፌ ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ። የሚገርመው ሁሉም ለማለት ይቻላል ስለ መሪና ስለ ተቃዋሚ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር የአመክንዮ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ምሳሌዬ ዶሮ ነበረች። «ዶሮ ሁሉ ሁለት እግር አላት» ስል የኋላው ወንበር ያንቀላፋል። በዚያ ብርድ ላይ ዶሮ ተጨምሮ ማን ይነቃል? መሪና ተቃዋሚ ሲነሳ ግን የሚያንቀላፋ ሰው የለም።

አንድ ነገር ላስቀድም። እዚህ የምናየው አንዱ አባባል ከሌላው ይከተላል ወይስ አይከተልም የሚለውን ነው። ማን ጥሩ መሪ ነው፣ ማን አይደለም የሚለውን ቡና ቤት ጨርሱት።

*

«ጋሼ፣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ እየተዘጋጀሁ ነው። አፕቲትዩድ የሚባለው ፈተና አስቸግሮኛል። መለማመጃው ላይ እንዲህ ይላል፦ "ሕዝብን የሚያዳምጥ መሪ ሁሉ ተቃውሞን አይፈራም። አቶ እገሌ ተቃውሞን የማይፈሩ መሪ ናቸው።" እኔ "ስለዚህ ሕዝብን ያዳምጣሉ" ብዬ መለስኩ። መልሱ ግን "ምንም መደምደም አይቻልም" ሆነ። ቀጥሎ ደግሞ "ታላላቅ መሪዎች ሁሉ በአንድ ወቅት ተቃዋሚ ነበሩ" ይልና ሁለት ድምዳሜ ያቀርባል። አንደኛው "ተቃዋሚ ሁሉ ታላቅ መሪ ይሆናል" ነው። ሁለተኛው "አንዳንድ ተቃዋሚዎች ታላቅ መሪ ሆነዋል" ነው። ሁለቱንም ልክ ናቸው አልኩ። የት ላይ ነው የሳትኩት?»
ተፈታኝ፣ ከመሃል ሜዳ

ልጄ፣ የመጀመሪያውን መልሱ አልሸወደህም። የተሰጠህ ዓረፍተ ነገር የሚናገረው ስለሚያዳምጡ መሪዎች ነው። እነሱ አይፈሩም አለህ። የማይፈሩት ሁሉ ግን እነማን እንደሆኑ አልነገረህም። ተቃውሞን የማይፈራ ሰው ብዙ ዓይነት ነው። የሚያዳምጥ አለ። ሰፊ እስር ቤት ያለው አለ። ተቃዋሚዎቹ ሁሉ ተሰደው ያለቁለትም አለ። ጆሮው የከበደም አይፈራም፤ አይሰማማ! አቶ እገሌ ከየትኞቹ እንደሆኑ በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ብቻ አይታወቅም።

አሁን ገልብጠህ ሞክረው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «አቶ እገሌ ተቃውሞን ይፈራሉ» ቢል ኖሮስ? ያኔ መደምደም ትችላለህ፤ ሕዝብን አያዳምጡም። ለምን ብትል፣ የሚያዳምጡ ቢሆኑ ኖሮ አይፈሩም ነበር። ይቺን ቅርጽ በደንብ ያዛት። በሚቀጥለው ደብዳቤ ላይ ትመጣለች።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። «ተቃዋሚ ሁሉ ታላቅ መሪ ይሆናል» የሚለው ያው የመጀመሪያው ስህተት ነው። ካሣ ቋራ ላይ ሸፍተው ነበር፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ ሆኑ። በዚያው ዘመን የሸፈተ ሁሉ ግን ዘውድ አልጫነም። ብዙው ስሙም አልተጻፈም።

«አንዳንድ ተቃዋሚዎች ታላቅ መሪ ሆነዋል» የሚለው ግን አስተማሪዎችን ሲያጣላ የኖረ ነገር ነው። አርስቶትል ይከተላል ይላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ቡል የከፈተውን መንገድ የሚከተሉ ደግሞ በራሱ አይከተልም ይላሉ። «ሁሉ» ማለት «አለ» ማለት አይደለም ነው ነገራቸው። «ከመሃል ሜዳ ወደ ጨረቃ የሄዱ ሁሉ በሰላም ተመልሰዋል» ብልህ ውሸታም ልትለኝ አትችልም። ሄዶ የቀረ አንድ ሰው ካላመጣህልኝ ማለቴ ነው። ታላቅ መሪ የሚባል ፍጡር ጭራሽ ከሌለም ያንተ ዓረፍተ ነገር ማንም ሳያፈርሰው ያልፋል፤ ሁለተኛው ድምዳሜ ግን ይወድቃል። ለፈተናህ እንዲህ አድርግ። መመሪያው ሌላ ካላለህ የአርስቶትልን መንገድ ያዝ። ታላላቅ መሪዎች መኖራቸውን ጠያቂውም ተጠያቂውም የሚቀበሉት ነገር ነው። ስለዚህ አንደኛውን ተው፣ ሁለተኛውን ያዝ።

*

«ጋሼ፣ ሽንኩርት አምራች ነኝ። የመስኖ ውሃ ተራ የሚወሰንበት ስብሰባ ተጠርተን ነበር። ሰብሳቢው ሐሳቡን አንብቦ "የሚቃወም አለ?" አለ። ዝም ተባለ። "እንግዲህ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረው። እኔ አልተስማማሁም ነበር። ባለቤቴን ብነግረው "ዝም ካልሽ ተስማምተሻል፣ አበቃ" አለኝ። እውነቱን ነው?»
እናት፣ ከሸዋ ሮቢት

እህቴ፣ ባለቤትዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ግማሹን መጨረሻ ላይ እሰጣቸዋለሁ።

መጀመሪያ የሰብሳቢውን ሙግት እናውጣው። እሱ ጮክ ብሎ አልተናገረውም፣ ግን ውስጡ አለ። አንደኛ፣ የሚቃወም ሰው ቢኖር ኖሮ ይናገር ነበር። ሁለተኛ፣ የተናገረ የለም። ስለዚህ የሚቃወም የለም። ቅርጹ እንከን የለውም። ለመሃል ሜዳው ልጅ ያሳየሁት ቅርጽ ነው። ሁለቱ መነሻዎች እውነት ከሆኑ ድምዳሜው የግድ ነው።

ችግሩ የተደበቀው የመጀመሪያው መነሻ ላይ ነው። «የሚቃወም ቢኖር ይናገር ነበር» የሚባለው መናገር ምንም በማያስከፍልበት ቦታ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ሲጠጣ «ቀጠነ» የሚል ካልተገኘ ቡናው በእርግጥም አልቀጠነም። ቀጥኖ ቢሆን አንዷ አትምርም! የእርስዎ ስብሰባ ላይ ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነገ ውሃውን የሚያከፋፍለው ሰው ነው። የተናገረ ሰው ተራው ሌሊት ላይ ቢወድቅበት ለማን ይናገራል? ሰው ይህን ሁሉ አስቦ ነው የሚቀመጠው። መነሻው ሐሰት ለመሆኑ ደግሞ ሩቅ ማስረጃ አያስፈልግም። ተቃውመው ዝም ያሉ አንድ ሰው ካሉ ይበቃል። እርስዎ አሉ።

በደርግ ጊዜ የውይይት ክበብ የሚባል ነበር። ወጣት አስተማሪ ሆኜ ተቀምጬበታለሁ። «ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» ሲባል የነበረው ገና ከጆሯችን ሳይወጣ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት ተረሸኑ። «ምንም» የሚለውን ቃል ለማፍረስ አንዱ ይበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ክበቡ ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ ሁሉ በጭብጨባ ያልፍ ጀመር። ከሁላችን በላይ የሚያጨበጭብ አንድ ባልደረባ ነበረን። መዳፉ የሚቀላ። አንድ ቀን ከሥራ ቀረ። ኋላ ሱዳን ገብቷል ተባለ። የእሱን ጭብጨባ ድጋፍ ብሎ የቆጠረው ጸሐፊ መዝገቡን አርሞት ይሆን? አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ግን ሌላውንም ወገን ልንካ። «ሕዝቡ ዝም ያለው አምርሮ ነው፣ ልቡ ከእኛ ጋር ነው» የሚሉ ተቃዋሚዎችም ያንኑ ዝምታ ወደ ራሳቸው ኪስ ነው የሚከቱት። ዝም ያለ ሰው ደክሞት ሊሆን ይችላል። ነገሩ ላይገባውም ይችላል። ደጋፊም ሊሆን ይችላል። ልቡ እርሻው ላይ ሄዶ አካሉ ብቻ የተቀመጠም አለ። ዝምታ ብቻውን ለማንም አይመሰክርም።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲህ ይሞክሩ። ከተቃውሞ በፊት ድጋፍ ይጠየቅ ይበሉ። «የሚደግፍ እጁን ያውጣ» ይባልና ይቆጠር። ቃለ ጉባኤው ላይ የተገኘው ሰው ቁጥርና እጅ ያወጣው ሰው ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፍ። ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። ወረቀት ቆርጦ በምስጢር ድምፅ መስጠት ከተቻለ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ደፈር ካሉም «የልዩነት ሐሳቤ ይያዝልኝ» ይበሉ፤ በስብሰባ ወግ የታወቀ ነገር ነው።

የባለቤትዎ ግማሽ እውነት ይኸውና። ውሳኔው ያልተስማማውንም ሊያስገድድ ይችላል። ውሃውን በተራው መቅዳት አለብዎት። «መፈጸም አለብሽ» ማለትና «ተስማምተሻል» ማለት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከአንደኛው ሁለተኛው አይወጣም።

*

«የሕግ ተማሪ ነኝ። ጓደኛዬ "ሳያሳውቁ የሚደረግ ሰላማዊ ሰልፍ ሕገወጥ ነው፤ ስለዚህ ያሳወቀ ሁሉ ሕጋዊ ነው" ይላል። ተከራክሬ አላሸነፍኩትም።»
ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ

ሳታሸንፈው መቅረትህ ገረመኝ። ሕጉ ከእጅህ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሰልፍ የሚጠራ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል። ይህ የግድ መሟላት ያለበት ነገር ነው። በቂ ነው ግን አልተባለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ደግሞ መብቱን የሰጠው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም ለሚሰበሰብ ሰው ነው። አሳውቆ ጠመንጃ ይዞ የወጣ ሰልፈኛ የጓደኛህን «ሁሉ» ብቻውን ያፈርሰዋል።

ጓደኛህ ላይ ብቻ አትሳቅ። ከቢሮ በኩልም የሚሠራ ስህተት አለ። «አሳውቁ» የሚለውን «አስፈቅዱ» አድርጎ ማንበብ። አዋጁ የሚጠይቀው ማሳወቅን ነው። ፈቃድ አልተሰጠም ከሚለው ብቻ ተነስቶ ሕገወጥ ነው ብሎ መደምደምም አይቻልም።

*

«"ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" የሚለው ተረት እንደ ሙግት ይቆጠራል? ተማሪዎቼ "ማስረጃ ነው" ብለው አስቸገሩኝ።»
የአማርኛ አስተማሪ፣ ከደብረ ሲና

መምህር፣ ያማረ ነገር ነው፤ ሙግት ግን አይደለም። ሁለት አባባል ጎን ለጎን ቆመዋል። የሚያገናኛቸው ቤት መምታታቸው ብቻ ነው። ሰማይ የማይታረሰው ሞፈር ስለማይደርስ ነው። ይህ የተፈጥሮ ነገር ነው። ንጉሥ የማይከሰሰው ግን ሰው ስለደነገገው ነው። የ1923ቱም ሆነ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፣ ክብራቸውንም የማይደፈር አድርገው ጽፈዋል። ሰው የደነገገውን ሰው ሊሽረው ይችላል። ሰማይን ማንም አልደነገገውም።

ደግሞ ፈትኑት። ሁለተኛው የሚቆመው በመጀመሪያው ላይ ከሆነ፣ ሰማዩ እስካልታረሰ ድረስ ገዢም ሊከሰስ አይገባም ነበር። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ግን በሌሉበት ተከሰው ታኅሣሥ 1999 በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ። ሰማዩ እስከ ዛሬ አልታረሰም። አንዱ ግማሽ ወድቆ ሌላው ቆሟል። ስለዚህ የተደጋገፉ አልነበሩም።

ለተማሪዎችዎ ይህን ደግሞ ጨምሩላቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 በቮልስዋገን ተጭነው ሲወሰዱ ክስ አልተመሠረተባቸውም። ፍርድ ቤት አልቀረቡም። በቁም እስር እንዳሉ በነሐሴ 1967 ዓረፉ። ተረቱ ቃል በቃል ከተወሰደ አልተሻረም፤ ንጉሡ አልተከሰሱም። ተከሰው ቢሆን ኖሮ የመከላከያ ቃል የሚሰጡበት ችሎት ይኖራቸው ነበር። አሁን በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ባለሥልጣን ተጠያቂ ነው ይላል። ክፍል ውስጥ ተረቱንና አንቀጽ 12ን ጎን ለጎን ጽፈው «የትኛው ነው ለመሪው ራሱ የሚበጀው?» ብለው ቢያከራክሯቸው ጥሩ ሰዓት ይወጣዋል።

*

«ባጃጅ ነጂ ነኝ። ጠባሴ አካባቢ ነው የምሠራው። ተሳፋሪ ሁሉ ፖለቲከኛ ሆኗል። አንዱ "ከንቲባ የሚተች ሁሉ ከተማዋን የሚጠላ ነው" ይለኛል። ሌላው ገብቶ "ከእኛ ጋር ያልሆነ ከእነሱ ጋር ነው" ይላል። ለሁለቱም መልስ አጣሁ።»

የመጀመሪያውን ገልብጠው። ከተማዋን የሚጠላ ሰው ከንቲባዋን ይተች ይሆናል። ከዚያ ተነስቶ የሚተች ሁሉ ይጠላል ማለት አይቻልም። ኮብልስቶኑ ተነቅሎ ጉድጓድ ሆነ ብሎ የሚጮኸው ማን ነው? በየቀኑ የሚነዳበት ነው። አንተ ነህ። ከተማዋን የጠላማ ጥሏት ሄዷል።

ሁለተኛው አደገኛ ነው። ሰው ያለበትን ቦታ ሁለት ብቻ አድርጎ ይቆጥራል። በትክክል ስትቆጥረው አራት ነው። ከእኛ ጋር ብቻ፣ ከእነሱ ጋር ብቻ፣ በአንዳንድ ነገር ከሁለቱም ጋር፣ ከማናቸውም ጋር ያልሆነ። እኔ ከማውቀው ሰው አብዛኛው አራተኛው ላይ ነው ያለው። የጤፍና የዘይት ዋጋ አስጨንቆት ቤቱ የተቀመጠ ሰው ነው። እሱን ወደ አንዱ ጎን ገፍቶ መቁጠር ሒሳብ አይደለም።

ይህን ለተሳፋሪ ማስረዳት ግን ግዴታህ አይደለም። ዘመኑን ታውቀዋለህ። ሂሳብህን ተቀበልና ንዳ።

*

«አያቴ የሰገሌን ጦርነት ከአባታቸው ሰምተው ያወሩን ነበር። "ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ባይለውጡ ኖሮ አይወርዱም ነበር። ወረዱ። ስለዚህ ለውጠዋል" ይሉ ነበር። አጎቴ ደግሞ "ሰገሌ ላይ እግዚአብሔር ፈርዷል፣ ምን ክርክር ያስፈልጋል" ይላል። እስቲ ጋሼ ይዩልን።»
ከሸኖ

በደጃችሁ የሆነ ነገር ነውና ረጋ ብለን እንየው።

የአያትህ ሙግት ቅርጹ ያማረ ነው። አያትህ ትምህርት ቤት ሳይገቡ የተማሩት ይመስለኛል። በላ ልበልሃ የሚባለውን የድሮ የችሎት ሙግት እየሰማ ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በጆሮው ያውቀዋል። የሚጠየቀው የመጀመሪያው መነሻ ነው። መሪ የሚወርደው ሃይማኖት በመለወጡ ብቻ ነው? ኢያሱ የአያታቸውን የምኒልክን ሹማምንት ገፍተዋቸው ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እየተካሄደ ነበር፤ ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ያዘነብላሉ ብለው የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች፣ ማለትም የዲፕሎማት ቢሮዎች፣ ተጨንቀው ነበር። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ለመውረድ ምክንያት ሊሆን ከቻለ፣ «ባይለውጡ ኖሮ አይወርዱም» የሚለው አይቆምም።

መስከረም 17 ቀን 1909 አዲስ አበባ ላይ መኳንንቱ ያቀረቡት ሙግት ግን ሌላ ነው። እንዲህ ብለን ልናስተካክለው እንችላለን። ለኢያሱ የገባነው መሐላ ሃይማኖቱን ለተወ ሰው አይጸናም። ኢያሱ ሃይማኖቱን ትቷል። ስለዚህ መሐላው አይጸናም። አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። ይሄም ቅርጹ ልክ ነው። ክብደቱ በሙሉ የወደቀው «ትቷል» የምትለው ላይ ነው።

እሷን በምን አስረዱ? መስጊድ ይገባል፣ እንደ ሙስሊም ይለብሳል፣ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ይጋባል ተባለ። እዚህ ላይ ነው የሚንሸራተተው። ሙስሊም መስጊድ ይገባል። ኢያሱ መስጊድ ገቡ። ስለዚህ ሙስሊም ናቸው? አይወጣም። ሙስሊም ሕዝብ የሚገዛ ክርስቲያን ንጉሥም ለወዳጅነት ሊገባ ይችላል። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ሙስሊም ሆነው ተወልደው ኋላ የተጠመቁ ናቸው፤ ከዚያ ወገን ዘመድ መኖሩ ምን ይገርማል?

ተጠንቀቅ ግን። ሙግቱ ስለፈረሰ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን አልለወጡም ብለህ እንዳትደመድም። መጥፎ ማስረጃ የቀረበበት ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ያልተረጋገጠ ማለትና ሐሰት ማለት አንድ አይደሉም። ብዙ ተከራካሪ እዚህ ላይ ይወድቃል። የማዝነው በሌላ ነገር ነው። ኢያሱ ያን ቀን ሐረር ነበሩ። «ተጠየቅ!» ሲባል «ልጠየቅ» የሚል ሰው አልነበረም። በሙግት አገር፣ ያ ሁሉ ነገር አዋቂ በተሰበሰበበት፣ ተከሳሹ ሳይሰማ ተወሰነ።

አጎትህን ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቅልኝ። ድል የእግዚአብሔር ፍርድ ከሆነ ቶራ መስክ ላይ ማን ተፈረደለት? ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ሊዋጉ ከወሎ ሲመጡ መጀመሪያ ቶራ መስክ ላይ የሸዋን ጦር ድል አድርገዋል፤ የጦሩ አዝማች ራስ ልዑልሰገድም እዚያው ወደቁ። ቀናት ቆይቶ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። በአጎትህ መነሻ ከሄድን ያው ክስ፣ በዚያው ወር፣ መጀመሪያ ሐሰት ኋላ እውነት ሆኗል ማለት ነው። አጎትህ ይህን የሚቀበሉ አይመስለኝም። እንግዲያው መነሻቸውን መተው አለባቸው። ሰገሌ ማን ጦር እንዳሸነፈ ይነግረናል፤ ኢያሱ በልባቸው ምን እንዳመኑ አይነግረንም።

*

«የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደቂቀ እስጢፋኖስን ካስወገሩ በኋላ ከሰማይ ብርሃን ታየ፣ ከተማችንም በዚያ ደብረ ብርሃን ተባለች ሲባል እሰማለሁ። ብርሃኑ ንጉሡ ልክ እንደነበሩ አያሳይም? ስሟስ ምስክር አይደለም?»
ከደብረ ብርሃን

ልጄ፣ ስለ ተአምሩ ከካህናቱ ጋር ተነጋገሪ። እኔ የምይዘው «ስለዚህ» የምትለውን ብቻ ነው።

ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ እነዚያ ስማቸው ከጉንዳ ጉንዲ ገዳም ጋር የሚነሳው መነኮሳት፣ የራሳቸው ሙግት ነበራቸው። ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው። ንጉሥ ከሥላሴ አይደለም። ስለዚህ ለንጉሥ አንሰግድም። ከዚያ መነሻ የሚወጣው ድምዳሜ ያው ነው። መነሻውን ያልተቀበለ ሰው መነሻውን ይሞግታል። ንጉሡ ደግሞ ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ብለዋል ብለው ከሰሷቸው። እነሱ በገድላቸው ክሱን አይቀበሉም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተደረገው ይህ ክርክር በሙግት ሳይሆን በድንጋይ ተዘጋ።

የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚለው ሰዎቹ የተወገሩት በየካቲት ነው። ብርሃኑ የታየው መጋቢት 10 ነው። ንጉሡም ቦታውን ወደዱት፣ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ሠሩበት። አንዱ ከሌላው በኋላ መምጣቱ አንዱ ስለ ሌላው መምጣቱን አያሳይም። በዚያው የካቲትና መጋቢት መሃል ንጉሡ ሌላ ስንት ነገር አድርገዋል! ብርሃኑ ከመውገሩ ጋር ብቻ የተያያዘው በምን ተመርጦ ነው? አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ብርሃኑን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1456 ከታየችው ከሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። እሷ ከሆነች ከደብረ ብርሃን ውጪም ብዙ አገር አይቷታል፤ እያንዳንዱም የራሱን ትርጉም ሰጥቷታል።

እሺ፣ ብርሃኑ ምልክት ነው እንበል። የማን? ንጉሡ «እግዚአብሔር በሥራዬ ደስ ብሎታል» ሊሉ ይችላሉ። የተወገሩት ሰዎች ደቀ መዝሙር ያንኑ ብርሃን አይቶ «ለሰማዕታቱ የወረደ ነው» ቢል በምን ትከለክዪዋለሽ? ሁለት ተቃራኒ ድምዳሜ እኩል የሚያስተናግድ ማስረጃ ለአንዳቸውም ማስረጃ አይሆንም።

የከተማችንን ስም ደግሞ ምስክር አድርገሽ አትጥሪው። ስሙን ያወጣው ከሁለቱ ተሟጋቾች አንዱ ነው።